ማንኪያ መራጩ

ሰኞ ከገበያ፣ ከቆርቆሮው ተራ፣
ላታሞ ይቆማል ማንኪያ እያጣራ።
ሻጯ «በደርዘን ነው፣ ከነሹካው» ስትል፣
እሱ አንዷን ያነሳል በጣት ጫፍ ሊሰቅል።
ከአንገቷ ስር ይዞ ያንጠለጥላታል፣
በጥፍሩ ይመታል፣
ጆሮ ያስጠጋላታል።
«ይቺ ቆርቆሮ ናት፤ ድምጿ ቶሎ ይሞታል።»
«ለሾርባ ነው?» አለች፣ ሻጯ ግራ ገብቷት፤
«ለአምባዛ» አላት፣ ሌላዋን አንስቷት።

እኔ ያኔ አላውቅም።
ማንኪያ ማንኪያ ነበር፤ ከሳህን አይርቅም።
ማጥመድ ማለት ለእኔ ትል ሰክቶ መተኛት፣
የክሩን ጫፍ አስሮ በእግሬ አውራ ጣት።

ቤቱ ሐይቁ ዳር ነው፤ ከበሩ ላይ ሆኖ
እጀታዋን ቆርጦ፣ ጠርዟን በሞረድ ልጎ፣
ከአናቷ፣ ከግርጌዋ ሁለት ቀዳዳ አድርጎ፣
በአንዱ ቀለበት ሰካ፣ በአንዱ መንጠቆ አዞረ፤
ማንኪያ የነበረ ነገር ጥርስ ማብቀል ጀመረ።

«ስማ» አለኝ፣ ዓይኑን ከሞረዱ ሳይነቅል፣
«ዝናብ የጣለ ዕለት፣ ውሃው ደፍርሶ ሲውል፣
ኒኬሏን ነው፤ ሰፊ፣ ከሩቅ የምትጣራ።
ሰማዩ ግን ጠርቶ፣ ፀሐይዋ ስትከርር፣
የወየበች መዳብ፤ ጮሃ የማትናገር።
ጥልቁ ጋ ስትሆን ጠባቧን፣ ከባዷን፣
ወሬ ሳታበዛ የምታገኝ መንገዷን።
ደንገሉ አጠገብ ሰፊዋን፣ ቀላሏን፣
እንደ ሰከረ ሰው የምታወዛውዝ አካሏን።
ቆሮሶን እርሳት፤ ጾመኛ ናት እሷ፣
የሐይቅ አረንጓዴ ነው ዘወትር ቁርሷ።
ቢልጫና አምባዛ ናቸው ስስታሞች፣
ያብረቀረቀ ሁሉ ምግብ የሚመስላቸው ሞኞች።»

አንድ ጊዜ እንግዳ ጀልባችን ላይ ወጣ፣
መንገድ የሚሠራ፣ ከብርድ አገር የመጣ።
«እኛ ጋ» አለ በተሰባበረ አማርኛ፣
«ክረምት ሐይቁ ድንጋይ ነው። መኪና ይሄድበታል።
ጉድጓድ እንሰረስራለን፣ በርጩማ ላይ እንቀመጣለን፣
ማንኪያ እናወርዳለን።»
ላታሞ ወደ አሞራ ገደል አየ፣
የበረዶ ሳጥኖቹ ወደተደረደሩበት።
«ይገርማል» አለ። «እኛ ጋ በረዶ የሚገባለት ለሞተ ዓሣ ነው።
እናንተ ጋ ከነነፍሱ ይከደንበታል።»
ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦
«እጅህን እንዴት ታነሳለህ?»
እንግዳው ክንዱን ሳያንቀሳቅስ አንጓውን አሳየ፤
አንድ ስንዝር ወደ ላይ። ልቅቅ። ዝም።
ላታሞ ዞሮ አየኝ።
ስንት ወር ሙሉ የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

ስትወጣ ያያታል፣ ስትወድቅ ይመኛታል፣
ዝም ስትል ግን ነው አፉ የሚከፍትላት።
ክሩን ስትለቀው አትልቀቀው ጨርሰህ፤
መውደቋን ተከተል፣ በጣትህ ዳብሰህ።
ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፣ አለኝ፣
ማንሳቱን ይወዳል፤ መጠበቁ ይሰለቸዋል።

ከሁሉ የሚወዳት አንዲት ማንኪያ ነበረች፣
የአየለች፣ የሚስቱ፤ ጀርባዋ ላይ አበባ የተቀረጸባት፣
ከስድስቱ አንዷ፣ ሳይነግራት የወሰዳት።
አንድ ማለዳ፣ ታቦር ጥላውን ሳይሰበስብ፣
አምባዛ ዋጣት።
ክሩ ጧ አለ።
ላታሞ መዳፉን አየ እንጂ ውሃውን አላየም።

ሁለት ወር አለፈ። አሞራ ገደል ላይ፣
አባ ኮዳዎቹ አንጀት ሲሻሙ ከታች፣
ዓሣ የሚበልተው ልጅ፣ ዳንጊሶ፣ ቢላው ቀጭ አለበት።
ከትልቅ አምባዛ ሆድ ማንኪያ ወጣ፤
ጠቁሯል፣ መንጠቆው ዝጓል፣ አበባው አለ።

ለአየለች ደረሳት፤ ከኔ ቀድሞ ወሬው።
አልጮኸችም።
«ማንኪያ» አለች «ሥራዋ ምግብ ሆድ ማድረስ ነው፤
ሥራዋን ነው የሠራች።»
መንጠቆውን ፈታች፣ በአመድ ፈትጋ አጠበች፣
ቆጠረች፦ ስድስት።

ማታ ለላታሞ ሾርባ ቀረበለት፣
እጀታ የሌላት፣ ሁለት ቀዳዳ ያላት ማንኪያ ተጨምሮበት።
«ብላባት» አለችው።
በሁለት ጣት ያዛት። ስንዝር አነሳ፤ ፈሰሰ።
አወረደ።
ዝም ብሎ ጠበቀ።
እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ሳቅ ገደለኝ፤
እሷ ግን አልሳቀችም፣
ዓይኗን ከማንኪያዋ ላይ አልነቀለችም፣
እስኪናገር ድረስ ክሩን እንደያዘች።